ሆራው ዳር የሚያድር ማዕድን

ናሙና ሲገባ መጀመሪያ ይደርቃል። እኛ የድንጋይ ሰዎች ስንማር ቀድሞ የሚነገረን፣ ስናስተምርም ቀድመን የምንናገረው ይኸው ነው። እርጥብ አፈር ይሻግታል፣ ሚዛን ያሳስታል፣ መለያ ወረቀቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ያድርና ጠዋት ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኔ ወልድያ ላይ ጂኦሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምድጃውን ተጠራጥሬው አላውቅም። ደግሞስ ምድጃ ማን ይጠረጥራል?

ከውርጌሳ አስፋልቱን ትቶ ወደ ቆላው በእግር ለወረደ ሰው አንድ ሆራ አለ። ሆራ የምንለው ከብት የሚወደውን ጨዋማ ውሃ ነው። ይህኛው ከጥቁር ገደል ሥር ይመነጭና ግራጫውን ሸክላ አፈር እያጨቀየ ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ አሸዋው ይውጠዋል። በበጋ ዳር ዳሩ ነጭ ይለብሳል። ከብቱ ውሃውን ጠጥቶ ሲያበቃ ነጩን ይልሰዋል። ተማሪዎቼን ለመስክ ልምምድ በወሰድኩ ቁጥር ከዚያ ነጭ ነገር አንድ ላስቲክ አመጣ ነበር። ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ አዲስ አበባ ተልኮ በኤክስሬይ ይታያል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በየአገሩ ደረቅ ሐይቅ ዳር የሚገኝ፣ መጽሐፍ ውስጥ ስሙም መልኩም የሰፈረ ተራ ጨው። ከጊዜ በኋላ ተማሪዎቼም እኔም ሰለቸነው።

አንድ የጥር ወር ግን መኪናችን መርሳ ላይ ተበላሽቶ አደርን። ጠዋት ጥገናው እስኪያልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ባጃጅ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ፣ ገና ወገግ ሲል ሆራው ደረስኩ። ጣት የሚያቆረፍድ ብርድ ነበር። ላስቲክ ስላልያዝኩ ነጩን ነገር ከነጭቃው በባዶ የምሳ ዕቃዬ ዛቅ አድርጌ ከደንኩት። ወልድያ ስንደርስ መብራት የለም፤ ምድጃው አይሠራም። ከጦርነቱ የተረፈች አንዲት አሮጌ ማይክሮስኮፕ አለችን፣ በመስተዋት የመስኮት ብርሃን የምትሰበስብ። መብራት እስኪመጣ በሚል ከምሳ ዕቃው ቆንጥሬ ከሥሯ አስቀመጥኩ።

ያየሁት ዱቄት አልነበረም። ቀጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ፣ ጫፋቸው በሰያፍ የተቆረጠ መርፌዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው ነበር። ያ የታወቀው ጨው እንዲህ ያለ ቅርጽ የለውም። ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ አየሁ። እንዲህ እያየሁ ሳለ መብራት መጣ፤ እንደ ልማዴ የማይክሮስኮፑን አምፖል አበራሁት። መርፌዎቹ ከጫፋቸው ጀምሮ ወተት መሆን ጀመሩ። ነጩ ደመና ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ገሰገሰና ተገናኘ። ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ብርሃኑ ግን አያልፍም። በስፒል ጫፍ ነካ ባደርገው ፍርስ ብሎ ዱቄት ሆነ፤ ያው የምናውቀው ዱቄት።

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ስንልክ የኖርነው ሬሳ ኖሯል። ሕያው የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ውሃ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር፣ ሲሞቀው ውሃውን አፍስሶ ወደዚያ ተራ ጨው የሚለወጥ። ምን እንደሆነ በመጽሐፎቼ ሁሉ ፈለግሁ፤ አጣሁት። የታወቁት የማዕድን ዓይነቶች ስድስት ሺህ ገደማ ናቸው። ነፍሳትና ዕፅዋት ስንት እጥፍ እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። አዲስ ማዕድን ማግኘት ማለት የምድር ሁሉ ፊደል ገበታ ላይ አንድ ፊደል መጨመር ማለት ነው። ደስ አላለኝም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው።

ውጭ አገር ሳለሁ ላስተማረኝ ሰውዬ ጻፍኩለት። ዕድሜውን ሙሉ ማዕድን ሲለይ የኖረ ነው፤ ቃል አያባክንም። አዲስ ማዕድን አገኘሁ የሚል ደብዳቤ በየሳምንቱ እንደሚደርሰው፣ አብዛኛው ከንቱ እንደሆነ ገለጸልኝ። ያ ወደ ወተት መለወጡ ግን ገርሞታል። ከዚያ የሚያስፈልገውን ነገረኝ፦ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ነገር አዲስ ማዕድን ነው የሚባለው ከምን እንደተሠራና አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ሁለቱም ሲታወቁ፣ ያም ካለበት ሳይለወጥ ሲለካ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ ከሆራው ዳር እንደ በረደው፣ ከገዛ እርጥበቱ ጋር በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ታሽጎ ይምጣልኝ፤ ትርፍ ይኑረው፣ ለሙዚየም የሚቀመጥ። ከዚያ ዓለም አቀፉ የማዕድናት ኮሚቴ ያየዋል። ወተት ሆኖ ከመጣ ግን አትድከሚ አለኝ።

ለመላኪያ ፈቃዱ ደጅ ስጠና የካቲት አለቀ። ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። ሌሊቱ በየቀኑ እየሞቀ ሄደ፣ የበልግ ዝናብም በአንድ በኩል ያስፈራል፤ ውሃ የሚያሟሟው ነገር በአንድ ዶፍ ይጠፋል። የመስክ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ከአንድ የእንስሳት ክሊኒክ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ተውሼ ወረድኩ።

ከሆራው በላይ ያለው ቤት የአንዲት እናት ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አረብ አገርና መርሳ ናቸው፤ እሳቸው ከከብቶቻቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ይህ በኛ አገር ማደሪያ ለመጠየቅ እንቅፋት ሆኖ አያውቅም። «እማ» አልኳቸው፣ «ሆዴ» አሉኝ፣ አለቀ። መደቡ ላይ አነጠፉልኝ። ከመደቡ ግርጌ እስከ ግድግዳው ድረስ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል።

«እማ፣ ይኼ ሁሉ ሲሚንቶ ለምንድን ነው?»

«ለሆራው ነዋ። የውሃ ኮሚቴው ነው ያስቀመጠው፤ እኔ ቤት ይቀመጥ ብዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆራው ሥር ያለው ሸክላ ማጥ ነው። ላዩ ደረቅ ይመስልና ከብት ሲረግጠው ይውጣል። ባለፈው ዓመት የእሳቸውን የምትታለብ ላም፣ ያውም እርጉዝ፣ ማጡ ያዛት። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በገመድ ሲጎትት ውሎ፣ ላሟ እንደ ቆመች ሞተች። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴውን ዕረፍት ነሱት። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታነጽ፣ ውሃው በቧንቧ ወደ ገንዳ ይውረድ፣ ማጡ ይደልደል። ጠየቁ፣ ተቆጡ፣ አስፈረሙ፣ ተሳካላቸው። ግንበኛው ከመርሳ ኢዱ እንዳለፈ ይመጣል።

ዳሩ ከታነጸ ነጩ ነገር የሚወጣበት ቦታ አይኖርም። ይህን እያወቅሁ ከሲሚንቶው ጎን ተኛሁ። እንደዚያ ያለ ሆራ ሌላም ይኖር ይሆናል ብዬ ከዚያ በፊትም በኋላም ፈልጌያለሁ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በማግሥቱ እሳቸው ሱሁር ሲያሰናዱ ድምፁ ቀሰቀሰኝ። በልተው፣ ሰግደው ሲያበቁ አብረን ወረድን። ሰማዩ ከምሥራቅ ገርጥቷል፣ ብርዱም እንደ ተመኘሁት ነው። ሆራው ዳር ስደርስ ወሽመጤ ተቆረጠ። ዳሩ ንጹሕ ነው። ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ የመጥረጊያ መስመር ብቻ ይታያል።

«እማ፣ እዚህ የነበረው ነጩ ነገርሳ?»

«ጠረግሁልሽ እንጂ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «እንግዳዬ እዚያ ቆሻሻ ላይ ትቁም? ሱሁር ሳልቀምስ ወርጄ ልቅም አድርጌ ጠረግሁት።»

ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሳቁ ቀደመ። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ገባቸው። «አጠፋሁ?» አሉ ዝግ ብለው።

«የለም እማ። የመጣሁት ግን ለዚያ ቆሻሻ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከወልድያ ድረስ፣ በጾም አንጀቷ፣ ሳጥን ተሸክማ፣ ከብት ለሚልሰው ቆሻሻ። «ይሁና» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ለአእምሮዬ የማሰብ ነገር ነበረበት። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ውሃውን ለካሁ፣ ገደሉን አየሁ፣ ማታ በማፍጠሪያቸው ሰዓት ለኔ ብለው የጠበሱትን የምስር ሳምቡሳ በላሁ። ዘይት እንጂ ቅቤ እንዳልነካው ሁለት ጊዜ አረጋገጡልኝ።

በሁለተኛው ጠዋት ነጩ ነበር። በሆዴ ተደፍቼ በሌንስ አየሁት፤ እነዚያው መርፌዎች፣ ጫፋቸው በሰያፍ የተቆረጠ፣ ከእርጥቡ ሸክላ ላይ ብቅ ብለው የቆሙ። በማይክሮስኮፕ ተጋድመው ነው ያየኋቸው፤ እዚህ ግን እንደ ገብስ ማሳ ቆመዋል። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ተነሥቼ ሌንሱን ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ፣ ሌንሱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ወደ መሬቱ ጎንበስ እንዲሉ አሳየኋቸው። በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሻርፓቸው ከትከሻቸው ወርዶ ጭቃው ላይ ሲያርፍ አላስተዋሉም።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ማን ጠረበው?»

«ማንም። ውሃው ነው፣ ሲበርደው።»

«ውሃው ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«ስሙስ ምን ይባላል?»

«ስም የለውም እማ።»

ቀና አሉ። «ምን ማለት ነው የለውም? ስም የሌለው ነገር አለ እንዴ?»

«እስካሁን ማንም አላየውማ። አይቶ ልብ ያለው ሰው የለም።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ረገጥሁት እኮ» አሉና እንደገና ጎንበስ አሉ። ፀሐይዋ ገደሉን አልፋ ዳሩን ስትነካ እሳቸው አሁንም ሌንሱ ላይ ነበሩ። ወተቱ ሲመጣ ትንፋሻቸው ሲቋረጥ ሰማሁት። «ሞተ?» አሉኝ።

«ሞተ። ከበረደ ነገ ሌላ ይወለዳል።»

ስለዚያ ጠዋት ደጋግሜ አስቤያለሁ። ይህ ነገር በየበጋው፣ በየብርዱ፣ አገር ሳይነቃ እየተወለደ ፀሐይ ስትሞቅ ሲጠፋ ኖሯል። መንገዱ ሳይሠራ፣ መርሳ ከተማ ሳትሆን፣ ምናልባትም ሰው ወደዚያ ቆላ ሳይወርድ። ያን ያህል ተጠንቅቆ፣ ያን ያህል ቀጥ ብሎ የተሠራው ለማን ታይታ ነው? ለማንም። እንዲህ ያለ ውበት ተመልካች አይፈልግም። ሃይማኖት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ እንደዚያን ጠዋት ትንሽነቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ማድነቅ ግን ቱቦ ውስጥ አያስገባም። ክሪስታሉን በጣት መንካት አይቻልም፣ የጣት ሙቀት ይበቃዋል። ትንፋሽም እንዲሁ። አፌን በሻሽ አስሬ፣ ሳጥኑ ውስጥ በበረደ ቀጭን ብሩሽ አንድ አንዱን እያነሣሁ፣ ከበረደ ቱቦ ውስጥ ከአንድ ጠብታ የሆራ ውሃ ጋር እያስገባሁ አፉን በሰም መድፈን ነው። ያስገባኋቸው መጀመሪያ ላይ ሰሙ ሲሞቅ ይነጡ ነበር። ሰሙን ትቼ ወፍራም ቅባት ሞከርኩ፤ ተሳካ ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሰው ላይ ሰው ተጭኗል፣ መስኮት አይከፈትም፣ የሳጥኑ በረዶም ያረጀ ነበር። ሲሪንቃን ሳናልፍ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ሁሉም ወተት ሆኗል። ከዚያው ወርጄ በሌላ መኪና ተመለስኩ። ሾፌሩ የተረሳ ዕቃ እንዳለ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።

ጾሙ እየተጋመሰ፣ ሌሊቱ እየሞቀ፣ የሚወለዱት መርፌዎችም እያነሱ ሄዱ። አንዳንድ ቀን ምንም የለም። ያኔ ነው ክፉ ሐሳብ የገባኝ፤ ክፉ ባይሆንም የራሴን ብቻ ያየ። ሆራው ባይታነጽ እኮ ለሚመጣው ጥር ተዘጋጅቼ፣ ደህና ማቀዝቀዣ ይዤ መምጣት እችላለሁ። አንድ ማታ ካፈጠሩ በኋላ አወጣሁት።

«እማ፣ ሥራው ለአንድ ዓመት ቢቆይስ?»

ሾርባቸውን አስቀመጡ። «ሲሚንቶ ዓመት ይቆያል?»

«ይደነድናል» አልኩ።

«እንዲያ ነው» አሉና ወሬውን ወደ ልጃቸው ስልክ አዞሩት። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረና ከጥር ወዲህ ያላየሁት ብርድ ሆነ። ዳሩ ላይ የግማሽ ስንዴ ፍሬ የሚያህሉ መርፌዎች ቆመዋል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም። ከመርሳ ያመጣሁት የሳጥኑ በረዶም አዲስ ነው። ሁለት ቱቦ ሞላሁ፣ ሦስተኛውን ይዣለሁ፤ የሞሉት ገና ሳይታሸጉ ፊቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ናቸው። ከበላይ የእሳቸውን ጩኸት ሰማሁ። የሞተችው ላም ቀድማ የወለደቻት ጊደር ገመዷን በጥሳ ወርዳ ማጡ ውስጥ ገብታለች፤ ሁለቱ የፊት እግሮቿ እስከ ጉልበት።

ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ ያሰብኩም አይመስለኝም። ቱቦውን ጥዬ ሮጥኩ። እሳቸው ቀንዷን፣ እኔ በደረቴ ተኝቼ እግሯን። ጭቃው ሲስብ ለመጀመሪያ ጊዜ በክንዴ ተሰማኝ፤ ውሃ አይደለም፣ አፈርም አይደለም፤ አይለቅም። ጎረቤት በጩኸታችን ገመድ ይዞ ደረሰ። ጊደሯ ስትወጣ ሁላችንም ወደ ኋላ ወደቅን። እሳቸው በሻርፓቸው አፍንጫዋን እየደጋገሙ እዚያው ቦታ ይጠርጋሉ። ፀሐይዋ ከገደሉ በላይ ወጥታለች። ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ማየት አላስፈለገኝም።

«ያንቺስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሞተ።»

«አብሽሪ ሆዴ። ነገም ቀን ነው።»

ስለ ሲሚንቶው ሁለተኛ አላነሣሁም። የሚገርመው እሳቸው ያን ቀን ከሰዓት በየቤቱ ዞረው፣ ኢድ እስኪደርስ ፀሐይ ሳትሞቅ ማንም ከብቱን ወደ ሆራው እንዳያወርድ መለመናቸው ነው። ሰዉ አጉረመረመ። ከብት በማለዳ ሆራ ካልጠጣ ይከፋዋል የሚሉ ነበሩ። እሳቸው ምን ብለው እንዳሳመኗቸው ጠየቅኳቸው። «ስም ያልወጣለት አለ፣ ታገሱት አልኳቸው» አሉኝ። በየማለዳው ከላይኛው መንገድ ዱላቸውን ይዘው፣ በጾም አፋቸው ቆመው የመጣውን ከብት ሲመልሱ ከታች ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ደመና ሆነ። ሌሊቱ ሞቀ፣ ዳሩ ላይ ልስልስ ጭቃ ብቻ። ግንበኛው ደውሎ የሚመጣበትን ቀን አረጋገጠ። ኢዱ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ በጨረቃዋ ይታወቃል እየተባለ ሲጠበቅ፣ በመጨረሻው የጾም ሌሊት ሰማዩ ተገለጠ። ብዙ አልነበሩም፤ አጫጭሮች፣ ጥቂት፣ ግን ጥርት ያሉ። ትንፋሼን ይዤ ሠራሁ። ሁሉንም ቱቦዎች ሞልቼ፣ ቅባቱን ደፍኜ፣ አዲስ በረዶ መሐል ቀብሬ ክዳኑን ስዘጋ ገና ፀሐይ አልወጣችም። እሳቸው ከላይ ወርደው ሳጥኑን ደገፍ አደረጉልኝ። ቀኑን ቤት ውስጥ በጥላ አቆይቼ ሌሊት ከውርጌሳ መኪና ይዤ በበረደ ሰዓት ስለተጓዝኩ አዲስ አበባ ድረስ አልነጡም፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ጭነት ላክኋቸው።

በኢዱ ማግሥት ተመልሼ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ከጎኑ የተኛሁትን ሲሚንቶ ከቤት አውጥተው ካስረከቡት አንዷ እኔ ነኝ። ግንበኛው ጎበዝ ነው፤ ዳሩን በሁለት ቀን አነጸው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ክረምቱ መጣ፣ ተማሪ ፈተንኩ፣ ያ ያስተማረኝ ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ላይ መልእክቱ ገባ። ቃል የማያባክነው ሰውዬ አሁንም አላባከነም፦ ቱቦዎቹ ደርሰዋል፣ አንዱ ብቻ ነጥቷል፣ የቀሩት ተለክተዋል። ማግኒዚየምና ሶዲየም፣ ሰልፌትና ጥቂት ካርቦኔት፣ የቀረው ሁሉ ውሃ። አደራደሩ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። ከሥሩ ሥዕል አያይዟል፤ ውሃው በቀለበት በቀለበት ሆኖ ማግኒዚየሙን ሲያቅፍ። ሾፌሩ «መምህርት፣ ደርሰናል» ሲለኝ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን ከድምፁ ገባኝ። ወርጄ ሒሳብ ሳልሰጥ ልሄድ ነበር።

የማዕድኑን መግለጫ አብረን ጻፍን። ቀለም የለሽ። ብርሃን የሚያሳልፍ። የብርጭቆ ወዝ ያለው። ጥንካሬው ሊለካ አልቻለም። ጣዕሙ መራራና የሚያቀዘቅዝ፤ ይህን የቀመስኩት እኔ ነኝ፣ ውሃ ለሚያሟሟው ማዕድን ጣዕም ይጻፋል። የሚገኝበት ቦታ፦ ሀብሩ ወረዳ፣ አንድ የሆራ ዳር። ኮሚቴው ጊዜ ወሰደ፣ ጠየቀ፣ መለስን፣ ተቀበለ። ስሙ ከአገሩ የተወሰደ ነው። አሁን በምድር ላይ በይፋ ያለው ይህ ዝርያ፣ ማንም የማይከፍተው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በቱቦ የታሸገች ከግማሽ ስንዴ የምታንስ ነገር ናት። ተወለደ በተባለ ጊዜ የተወለደበት ቦታ የለም። ይህን ለመላመድ ሞክሬያለሁ፤ ጊደሯን በማሰብ በጣም ይቀለኛል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

በሚቀጥለው ጥር እሳቸው ደወሉ። «ነይ» አሉ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የታመሙ መስሎኝ የዚያኑ ማታ ደርሼ አደርኩ፤ ደህና ናቸው። ጎህ ሲቀድ ይዘውኝ ወረዱ። ማጡ የለም፤ ደልዳላ ነው፣ ከብት በሰልፍ ገንዳው ላይ ይጠጣል። ከምንጩ ግንብ በታችኛው ጎን፣ ፀሐይ ዘግይታ በምትደርስበት በኩል፣ ውሃው በሲሚንቶው ስንጥቅ አርጥቧል፤ እርጥቡ ላይ ነጭ ወጥቷል። እሳቸው በጣታቸው ሳይነኩ አሳዩኝ።

ሌንሱን ከአንገቴ አውጥቼ ተጠጋሁ። መርፌዎች ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ፣ ጫፋቸው በሰያፍ።

አንድ ሕግ አለ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው፦ ሰው በሠራው ነገር ላይ፣ በሰው ሥራ ምክንያት የተፈጠረ ነገር ማዕድን አይባልም። ድንጋይ ላይ ቢወጣ ማዕድን የሚሆነው ያው ነገር ግንብ ላይ ሲወጣ አይቆጠርም። ደግሞም ከሲሚንቶው ካልሲየም ገብቶበት ጨርሶ ሌላ ነገር ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በሌንስ አይታወቅም፣ ሳጥንና ቱቦ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማስረጃ ሳይኖር አዎ የሚል ተማሪ እቆጣለሁ።

«እሱ ነው አይደል?» አሉኝ። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ እንዳይሞቀው።

«እሱ ነው እማ» አልኳቸው።

ፀሐይዋ ግንቡን ዞራ መጣች። እሳቸው ከአንገታቸው ሻርፑን ፈትተው በሁለት እጃቸው ዘረጉና በፀሐይዋና በግንቡ መሐል ቆሙ። «ትንሽ ይቆይ» አሉ። አንዱን ጫፍ ተቀብያቸው አብሬ ቆምኩ።